«ሬስት» ዕረፍት ነው? በድር ሶፍትዌርና በፊዚክስ መካከል የጠፋ ትርጉም

በማሽን የተተረጎመ የሶፍትዌር መመሪያ በአማርኛ ለማንበብ የሞከረ ሰው «የዕረፍት ኤፒአይ» ከሚል ሐረግ ጋር ሊፋጠጥ ይችላል (ኤፒአይ ፕሮግራሞች እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መገናኛ ነው)። ትንሽ ወረድ ሲል አገልግሎቱ «ዕረፍት የተሞላ» እንዲሆን የሚመክር ዐረፍተ ነገር ይጠብቀዋል። ለዓመት ፈቃድ የቀረበ ማመልከቻ እንጂ ስለ ፕሮግራም የተጻፈ ማብራሪያ አይመስልም። ችግሩ በተቃራኒው አቅጣጫም አለ፤ ፊዚክስ የሚያጠና ተማሪ በአማርኛ «ሬስት ምንድን ነው?» ብሎ ቢፈልግ ስለ ሰርቨር (ለጥያቄ መልስ የሚሰጥ ኮምፒውተር) እና ስለ መልእክት አላላክ የሚያወራ መልስ ሊቀርብለት ይችላል።

ሁለቱ ቃላት በድምፅ አንድ ሆነው በትርጉም የተለያዩ መሆናቸውን መናገር ቀላል ነው። ነገሩ ግን ከዚያ ትንሽ ያልፋል። የድሩ (የዌቡ) ሬስት፣ ማለትም ፕሮግራሞች በድር የሚነጋገሩበት አሠራር፣ በውስጡ ዕረፍት የሚባል ነገር ጨርሶ የለም። የፊዚክሱ ሬስትም፣ ማለትም የአንድ አካል አለመንቀሳቀስ፣ በአማርኛ ዕረፍት ከምንለው ጋር የሚገናኘው በጠባብ በር ነው። ሁለቱን በእርግጥ የሚያቀራርብ ቃል ካለ «ሁኔታ» የሚለው ነው።

ፊደሉ የዋጠው ምልክት

የላቲን ፊደል ትልቅና ትንሽ አለው። አንድ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ የድሩን ሬስት በአራት ትልልቅ ፊደላት ሲጽፍ፣ አንባቢው ከተራው ቃል ወዲያው ይለየዋል፤ ምህፃረ ቃል መሆኑን ዓይኑ ይነግረዋል። የግእዝ ፊደል ይህ ልዩነት የለውም። «ሬስት» ተብሎ ሲጻፍ ምህፃረ ቃሉም፣ የፊዚክሱ ቃልም፣ «ቀሪው» ለማለት የሚያገለግለው ሦስተኛው የእንግሊዝኛ ትርጉምም አንድ ልብስ ለብሰው ይቆማሉ። የትርጉም ማሽንም ቢሆን ዙሪያውን ካላየ የሚመርጠው የተለመደውን ትርጉም ነው፤ የተለመደው ደግሞ ዕረፍት ነው።

የአማርኛው «ዐረፈ» በበኩሉ ብዙ ተሸካሚ ነው። የደከመ ሰው ያርፋል፤ የሞተም ዐረፈ ይባላል፤ እንግዳ ሆቴል ያርፋል፤ አውሮፕላንም ያርፋል። ከእነዚህ ሁሉ ለፊዚክስ የሚቀርበው የአውሮፕላኑ ይመስላል፤ ግን እሱም ያታልላል። «አውሮፕላኑ ዐረፈ» የምንለው ጎማው መሬት ሲነካ ነው፤ በዚያች ቅጽበት አውሮፕላኑ ገና በከፍተኛ ፍጥነት እየሮጠ ነው። የእኛ ዕረፍት የሥራ ወይም የጉዞ ማብቂያ ነው። የፊዚክሱ ግን ስለ ማብቂያ የሚለው ነገር የለም።

የድሩ ሬስት ከየት መጣ?

በሶፍትዌር ዓለም ሬስት ሲዘረዘር «ሪፕረዘንቴሽናል ስቴት ትራንስፈር» ነው፤ «በውክልና የሚደረግ የሁኔታ ዝውውር» ቢባል ከሐሳቡ አይርቅም። ስሙን ያወጣው ሮይ ፊልዲንግ ሲሆን፣ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2000 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅጥር ግቢ ባቀረበው የዶክትሬት ማሟያ ጽሑፍ ነው። ፊልዲንግ ነገሩን ከሩቅ ሆኖ የታዘበ ተመራማሪ አልነበረም። ብራውዘርና ሰርቨር የሚነጋገሩበትን ኤችቲቲፒ የተባለ ደንብ ከጻፉት አንዱ ነው፤ አፓቼ የተባለውን የሰርቨር ፕሮጀክት ከመሠረቱትም አንዱ ነው። ስለዚህ ሬስትን እንደ አዲስ ፈጠራ ከማየት ይልቅ፣ ድር በዚያ ፍጥነት ሲያድግ ለምን እንዳልፈረሰ ከውስጥ የሚያውቅ ሰው የሰጠው ማብራሪያ አድርጎ መውሰድ ይሻላል።

የስሙን ቁርጥራጮች አንድ በአንድ ማየት ይጠቅማል። መነሻው «ሀብት» ነው፤ ስም ሊሰጠው የሚችል ማንኛውም ነገር፦ አንድ ጽሑፍ፣ የመጻሕፍት ዝርዝር፣ የዛሬው የአየር ጠባይ። እያንዳንዱ ሀብት የራሱ አድራሻ አለው። በመስመሩ ላይ የሚጓዘው ግን ሀብቱ ራሱ ሳይሆን በዚያች ሰዓት ያለበትን ሁኔታ የሚያሳይ ምስል ነው፤ «ውክልና» የተባለው ይህ ነው። የአንድ መጽሐፍ መዝገብ ለሰው ሲላክ ያጌጠ ገጽ፣ ለፕሮግራም ሲላክ ደረቅ ጽሑፍ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ግን አንድ ነው። ተጠቃሚው ከገጹ ላይ አንዱን ማስፈንጠሪያ (ሊንክ) ሲመርጥ ቀጣዩ ሁኔታ ወደ እሱ ይዛወራል። ስሙ የሚለው ይህንን ነው፤ ስለ መተኛት፣ ስለ መቆም፣ ስለ መዝናናት አንድም ቃል የለበትም።

ፊልዲንግ ይህ አሠራር እንዲጸና ስድስት ደንቦች አስቀምጧል። ጠያቂና መልስ ሰጪ ይለያዩ፤ ሰርቨሩ የንግግሩን ሁኔታ አይሸከም፤ መልሶች ለድጋሚ አገልግሎት መቀመጥ መቻል አለመቻላቸው ይታወቅ፤ አነጋገሩ ለሁሉም ሀብት አንድ ወጥ ይሁን፤ በመካከል ሌሎች ሰርቨሮች ቢገቡ ጠያቂው ማወቅ አያስፈልገው። ስድስተኛው፣ ሰርቨሩ የሚሠራ ፕሮግራም ለጠያቂው መላክ እንዲችል የሚፈቅደው፣ አማራጭ ብቻ ነው።

የማያስታውስ ሰርቨር

ከደንቦቹ ሁሉ ብዙ ሰው የሚያሳስተው ሁለተኛው፣ «ስቴትለስ» ወይም ሁኔታ አልባ የሚባለው ነው። «ሰርቨሩ ምንም አያስቀምጥም ማለት ነው» የሚል ማብራሪያ በየቦታው ይገኛል። ስህተት ነው። ሁለት ዓይነት ሁኔታ መለየት ያስፈልጋል። አንዱ የሀብቱ ሁኔታ ነው፦ በሂሳቡ ውስጥ ስንት ገንዘብ አለ፣ መጽሐፉ ተውሷል ወይስ መደርደሪያ ላይ ነው። ይህንን ሰርቨሩ ያስቀምጣል፤ ካላስቀመጠማ ምን ይሠራል? ሌላው የንግግሩ ሁኔታ ነው፦ ጠያቂው አሁን የት ደርሷል፣ ቀደም ሲል ምን ጠየቀ፣ ቀጥሎስ ምን ይጠብቃል። ሬስት ሰርቨሩን የሚያስጥለው ይህንን ሁለተኛውን ሸክም ነው።

የመጻሕፍት ዝርዝር በ20 በ20 ተከፍሎ ይቀርባል እንበል። ጠያቂው «ቀጣዩን ክፍል ስጠኝ» ካለ፣ ሰርቨሩ ይህ ሰው ማን እንደሆነና እስከ የት እንዳነበበ ማስታወስ አለበት። «ከ41ኛው ጀምሮ 20 መጻሕፍት ስጠኝ» ካለ ግን ማስታወስ የሚጠበቅበት ነገር የለም፤ ጥያቄው ራሱን ችሏል። ቀኑ፣ ቁጥሩና ጉዳዩ ተሟልቶ የተጻፈ ደብዳቤ እንደ ማለት ነው፤ የሚያነበው ጸሐፊ ትናንት የተቀጠረ ቢሆን እንኳ ይገባዋል።

ጥቅሙ የሚታየው ጠያቂው ሲበዛ ነው። አሥር ሰርቨሮች ጎን ለጎን ቢቆሙ ማንኛውም ጥያቄ ወደ ማንኛውም ሊሄድ ይችላል። አንዱ ቢወድቅ የተቋረጠ ንግግር የለም፤ ቀጣዩን ጥያቄ ሌላው ይቀበላል። በመካከል ያለ መሣሪያም አንድን መልእክት ብቻውን አይቶ ስለሚረዳው የመልሱን ቅጂ ይዞ ለሌላ ጠያቂ ሊያቀርብ ይችላል። ዋጋውም ግልጽ ነው፤ ፊልዲንግ ራሱ ያነሳዋል። ጠያቂው ማንነቱን የሚያረጋግጥበትን ምልክት ጨምሮ አንድ ዓይነት መረጃ በየጥያቄው መልሶ መላልሶ መላክ አለበት፤ መስመሩ በዚያው ልክ ይጫናል።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ፣ በተግባር ግን ብዙ ገንዘብ ያስከፈለ ጉዳይ የድግግሞሽ ነው። ኔትወርክ በመሃል ሲቋረጥ ጠያቂው መልእክቱ ደርሶ ይሁን ሳይደርስ አያውቅም፤ መድገም ይፈልጋል። በኤችቲቲፒ «ጌት» ለማንበብ፣ «ፑት» ሙሉውን ለመተካት፣ «ዲሊት» ለመሰረዝ ያገለግላሉ፤ እነዚህ ቢደጋገሙ ሀብቱ የሚደርስበት ሁኔታ አንድ ጊዜ ከተላኩበት አይለይም። «ፖስት» ግን ይህ ዋስትና የለውም። ክፍያ በፖስት ተልኮ መልሱ ቢጠፋ፣ መድገሙ ሁለተኛ ክፍያ ሊሆን ይችላል። የመክፈያ ቁልፍ ሁለት ጊዜ እንዳይጫን የሚያስጠነቅቁ ገጾች የሚፈሩት ይህንኑ ነው።

ስሙ ለማን ይገባል?

ዛሬ ሬስት የሚባለው አብዛኛው ነገር ፊልዲንግ ያለውን ሬስት አያሟላም። ይህን ያለው ራሱ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በኤችቲቲፒ የሚሠራ ማንኛውም መገናኛ በዚህ ስም መጠራቱ እንዳሰለቸው በግልጽ ጽፏል። የቅሬታው እምብርት ማስፈንጠሪያ ነው። በእሱ አመለካከት ጠያቂው ፕሮግራም አስቀድሞ ማወቅ ያለበት አንድ የመነሻ አድራሻና የመልእክቶቹን ዓይነት ብቻ ነው፤ ከዚያ ወዲያ የሚሄድበትን ሁሉ ከሚመጡለት መልሶች ውስጥ ማግኘት አለበት፤ ሰው በድረ ገጽ ላይ እንደሚያደርገው።

ሊዮናርድ ሪቻርድሰን የተባለ ባለሙያ በዚያው ዓመት ነገሩን በደረጃ አስቀመጠው። በዜሮ ደረጃ ሁሉም ነገር በአንድ አድራሻ በኩል ያልፋል፤ በአንደኛው እያንዳንዱ ሀብት አድራሻ ያገኛል፤ በሁለተኛው ግሦቹ (ጌት፣ ፑት፣ ፖስትና የመሳሰሉት) እና የመልስ ቁጥሮቹ በተገቢው ትርጉማቸው ይሠራሉ፤ በሦስተኛው ማስፈንጠሪያው ይገባል። በሥራ ላይ ያለው አብዛኛው አገልግሎት ሁለተኛው ላይ ይቆማል። እዚያ ሳይደርሱ ሬስት ነን የሚሉም አሉ፤ ጥያቄው አልተሳካም እያሉ በ200 ቁጥር፣ ማለትም «ተሳክቷል» በሚለው ምልክት፣ የሚመልሱ።

የፊልዲንግን ቃል በጥብቅ ለሚይዙት አጥባቂዎች፣ ማስፈንጠሪያ ከሌለ ጠያቂው አድራሻዎችን በውስጡ ቀርጾ ይይዛል፤ ሰርቨሩ አንዱን ሲቀይር ይሰበራል፤ ድርን ያቆየው ብልሃት ተጥሎ ስሙ ብቻ ተወስዷል። ተግባራውያኑ ደግሞ ፕሮግራም እንደ ሰው ገጽ አንብቦ ማስፈንጠሪያ እንደማይመርጥ ያስታውሳሉ፤ ጥሩ መመሪያ ከተጻፈ የሦስተኛው ደረጃ ድካም አይመለስም ይላሉ። በወጪና በጥቅም ሚዛን የኋለኞቹ ክርክር የሚያሸንፍ ይመስላል፤ ባይሆን ኖሮ ሦስተኛው ደረጃ ይህን ያህል ብርቅ አይሆንም ነበር። ስም ላይ ግን አጥባቂዎቹ ትክክል ናቸው። «ኤችቲቲፒ ኤፒአይ» የሚል ሐቀኛ ስም እያለ ሬስት ማለት የሚጨምረው ግርማ ብቻ ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ ያደረገው ግራፍኪውኤል የተባለ የመጠየቂያ ቋንቋ ቢያንስ የራሱን ስም ይዞ መጥቷል፤ ጠያቂው የሚፈልገውን ዝርዝር በአንድ ጥያቄ ጽፎ እንዲያገኝ ያደርጋል፤ በአንጻሩ መልስን በአድራሻው መዝግቦ ማቆየትን ያከብዳል።

በፊዚክስ፦ ከምን አንጻር?

በፊዚክስ ሬስት ማለት የአንድ አካል ቦታ በጊዜ ውስጥ አለመለወጥ ነው፤ ነገር ግን ከተመረጠ ማነጻጸሪያ አንጻር። ይህ የመጨረሻ ሐረግ ከተጣለ ዐረፍተ ነገሩ ትርጉም ያጣል። ጠረጴዛ ላይ ያለ መጽሐፍ ከጠረጴዛው አንጻር አይንቀሳቀስም፤ ከፀሐይ አንጻር ግን ከምድር ጋር በሰከንድ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ይነጉዳል። ሁለቱም አነጋገር እኩል እውነት ነው።

ሐሳቡ እዚህ ለመድረስ ብዙ ዘመን ፈጅቷል። ለአርስቶትል ዕረፍት የነገሮች ተፈጥሯዊ መጨረሻ ነበር፤ ድንጋይ ወደ ተፈጥሯዊ ቦታው ይወርድና እዚያ ያርፋል፤ መንቀሳቀስ እንጂ ማረፍ ምክንያት አይጠየቅበትም። ከአማርኛው «ዐረፈ» ጋር የሚስማማው ይህ የአርስቶትል ዕረፍት ነው። ጋሊሊዮ እ.ኤ.አ. በ1632 ባሳተመው ንግግር አንባቢውን ወደ መርከብ ሆድ ያስገባዋል። መስኮት በሌለው ክፍል ውስጥ ቢራቢሮዎች ይበራሉ፣ ዓሦች በገንዳ ይዋኛሉ፣ ውኃ ጠብ ጠብ ይላል። መርከቡ ቢቆምም በእኩል ፍጥነት ቀጥ ብሎ ቢጓዝም እነዚህ ሁሉ አንድ ዓይነት ይሆናሉ፤ በውስጥ ያለው ሰው ልዩነቱን የሚያውቅበት መንገድ የለም። ከዚህ በኋላ መቆምና በእኩል ፍጥነት መጓዝ የማዕረግ ልዩነት የላቸውም።

ኒውተን እ.ኤ.አ. በ1687 ይህን የመጀመሪያው ሕጉ አደረገው፦ ማንኛውም አካል ጉልበት ካልቀየረው በስተቀር በዕረፍት ወይም በቀጥተኛና እኩል እንቅስቃሴ ሁኔታው ይጸናል። ሕጉ በተጻፈበት በላቲን «ስታቱስ» የሚል ቃል አለበት፤ ሁኔታ ማለት ነው። የሬስት ሁለተኛው ክፍል የሆነው «ስቴት» የመጣው ከዚሁ ቃል ነው። በኒውተን ዐረፍተ ነገር ዕረፍት ከሁኔታዎች አንዱ ብቻ ነው፤ ልዩ ጸጋ የለውም።

ሁለት ጥቃቅን ስህተቶች እዚህ ጋ መታረም አለባቸው። ዕረፍት ማለት ጉልበት አለመኖር አይደለም፤ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መጽሐፍ ምድር ወደ ታች ትስበዋለች፣ ጠረጴዛው ወደ ላይ ይገፋዋል፣ ሁለቱ ይጣፋሉ። ደግሞም ለቅጽበት መቆም በዕረፍት መጽናት አይደለም። ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ጫፍ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ዜሮ ነው፤ የፍጥነቱ ለውጥ ግን በዚያችም ቅጽበት በሰከንድ 9.8 ሜትር በሰከንድ ነው። ስለዚህ ይወድቃል።

የማያርፍ ዕረፍት

አንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ነገሩን ወደ ሌላ ደረጃ ወሰደው። በዚያ ዓመት ሥራዎቹ ፍጹም የሆነ ማነጻጸሪያ ከፊዚክስ ወጣ፤ በምትኩ አንድ አካል ከራሱ ጋር ሲነጻጸር፣ ማለትም ሳይንቀሳቀስ፣ የሚኖረው ኢነርጂ ተገኘ። መጠኑ መጠነ ቁሱ በብርሃን ፍጥነት ካሬ ሲባዛ የሚገኘው ነው። ለአንድ ግራም ቁስ ይህ ወደ 25 ሚሊዮን ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። «ሬስት ማስ» የሚባለው በዚህ ስሌት ውስጥ ያለው መጠነ ቁስ ነው። ዛሬ ብዙ የፊዚክስ ሊቃውንት «ሬስት» የሚለውን ቅጽል ትተው በአጭሩ መጠነ ቁስ ይሉታል፤ ለማንኛውም ተመልካች አንድ ስለሆነ። የብርሃን ቅንጣት ፎቶን ደግሞ ጨርሶ አይቆምም፤ ከእሱ ጋር እኩል ሄዶ እሱን በዕረፍት የሚያይ ማነጻጸሪያ የለም፤ መጠነ ቁሱም ዜሮ ነው።

ይበልጥ የሚያስገርመው ፕሮቶን ነው። የቆመ ፕሮቶን 938 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ያህል ኢነርጂ አለው። በውስጡ ያሉት ኳርክ የተባሉ ጥቃቅን ቅንጣቶች መጠነ ቁስ ተደምሮ ግን የዚህ 1 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ቀሪው ከውስጥ እንቅስቃሴና ኳርኮቹን ከሚያስረው መስክ ይመጣል። የምንነካው ቁስ ሁሉ «የዕረፍት» መጠነ ቁስ በአብዛኛው የተሠራው ከእረፍት አልባነት ነው ማለት ነው። ከዚህ በላይ «ዕረፍት» የሚለውን ትርጉም የሚያሳጣ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል።

ፍጹም ዕረፍትስ የትም የለም? መላውን ሰማይ የሞላው ጥንታዊ የማይክሮዌቭ ጨረር ምቹ ማነጻጸሪያ ይሰጣል፤ ከእሱ አንጻር ፀሐይና ፕላኔቶቿ በሰከንድ 370 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛሉ። ግን ምቹ መሆኑ ሕግ አያደርገውም። በጥቃቅኑ ዓለም ደግሞ የኳንተም ፊዚክስ አንድ ቅንጣት ቦታውም ፍጥነቱም በአንድ ጊዜ ፍጹም የታወቀ እንዲሆን አይፈቅድም፤ ስለዚህ ፈጽሞ የቆመ ቅንጣት አይኖርም። ሂሊየም ይህን በዓይን ያሳያል፤ በተራ የአየር ግፊት ወደ ፍጹም ዜሮ፣ ማለትም ከዜሮ በታች 273.15 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ቢቃረብም ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። እንዲጠጥር የከባቢ አየርን 25 እጥፍ የሚያህል ግፊት ይፈልጋል።

የሚገናኙበት ቦታ

ታሪክ ሁለቱን በአንድ ግቢ አኑሯቸዋል። ቲም በርነርስ ሊ እ.ኤ.አ. በ1989 የድርን ሐሳብ ያቀረበው በአውሮፓ የቅንጣት ፊዚክስ ማእከል በሰርን ነው። በዚያው ማእከል በ1970ዎቹ ሙዮን የተባሉ ቅንጣቶች ወደ ብርሃን ፍጥነት ተጠግተው በክብ መንገድ ሲሮጡ ተለክተዋል፤ በዕረፍት ላይ 2.2 ማይክሮሰከንድ የሚሆነው አማካይ ዕድሜያቸው ወደ 64 ረዝሟል።

የሐሳብ መመሳሰልም አለ፤ ከመጠን በላይ ባይጎተት ጥሩ ነው። በኒውተን ፊዚክስ አንድ ሥርዓት ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ የአሁኑ ሁኔታው ይበቃል፤ እንዴት እዚህ እንደደረሰ አይጠየቅም። ሁኔታ አልባው ሰርቨርም የጥያቄውን ያለፈ ታሪክ አይጠይቅም። ልዩነቱ፣ ተፈጥሮ ይህን የምታደርገው ሳትመርጥ ሲሆን፣ ሰርቨሩ ግን እንዲህ እንዲሆን የተነደፈ ነው፤ ነዳፊው ሲቸኩል ደንቡን ይጥሳል።

የፊዚክሱ ቃል በእርግጥ ወደ ሶፍትዌር የገባው በሌላ በር ነው። የመረጃ ደኅንነት ባለሙያዎች «ዳታ አት ሬስት» ሲሉ በዲስክ የተቀመጠን መረጃ ማለታቸው ነው፤ ተቃራኒው በመስመር ላይ የሚጓዘው ነው። አንድ መመሪያ ስለ ሬስት ኤፒአይ ጀምሮ በሚቀጥለው አንቀጽ ስለ ዳታ አት ሬስት ምስጠራ ሊያወራ ይችላል፤ በላቲን ፊደል አያደናግርም፣ በእኛ ፊደል ያደናግራል። ጋሊሊዮ ቢሰማ ግን «ከምን አንጻር?» ማለቱ አይቀርም ነበር። መረጃው የተጻፈበት ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ የሚሽከረከር ሊሆን ይችላል።

በአማርኛ ምን ይባል?

አንዳንዶች ሁሉንም ቃል መተርጎም አለብን ይላሉ፤ ሌሎች ሁሉንም እንዳለ እንዋስ ባይ ናቸው። እዚህ ጉዳይ ላይ ሁለቱም በከፊል ያስኬዳሉ። ለድሩ «ሬስት» እንዳለ ቢቀር ይሻላል፤ ምህፃረ ቃል በቁሙ ሲተረጎም የሚገኘው ባዶ ነውና። ለፊዚክሱ ግን «ሬስት» ማለት አያስፈልግም። «በዕረፍት ላይ ያለ አካል» የሚለው በመማሪያ ክፍል ያገለግላል፤ ከድካም ማረፍን እንዳያስታውስ የሚሹ «ስክነት» የሚለውን ይመርጣሉ። ስክነትም ግን ከመታወክ በኋላ መርጋትን ስለሚያመለክት ንጹህ አይደለም፤ የትኛውም ቢመረጥ «ከዚህ አንጻር» የሚለው ጭራ አብሮት መጻፍ አለበት። «ሬስት ማስ» ያለ ቅጽል «መጠነ ቁስ» ቢባል ይበቃዋል። ለደኅንነት ባለሙያዎቹ ደግሞ «የተቀመጠ መረጃ» እና «በጉዞ ላይ ያለ መረጃ» የሚሉት ጥንዶች ያለ ማብራሪያ ይገባሉ።